የረቡዕ ቂጣ

ባሌ ወልደ ጻድቅ ቀን የሚቆጥረው በሆዱ ነው። ላማው ብዬ አይደለም፣ አገር የሚያውቀውን ነው የምናገረው። ፊደል አልቆጠረም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያም ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ ያም ሆኖ በቀን የሚረታው ሰው አልነበረም። ቅቤ የሌለው ሽሮ ከቀረበለት ረቡዕ ነው። ያው ሽሮ እንደገና ከቀረበለት ዓርብ ነው። በመሐል፣ አገር ምድሩ ጠቦቱን እየጎተተ ወደ ገበያ ሲተም ካየ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ በሬ አይጠመድም፣ እሑድ ደወሉ ይቀሰቅሰዋል። ሰኞን ደግሞ ወገቡ ይነግረዋል፤ ሁለት ቀን አርፎ ሞፈር ሲያነሣ የሚያሰማው ማቃሰት አለ፣ በሱ ማቃሰት ጎረቤት ሁሉ ሰኞ መግባቷን ያውቃል።

ምልክት የሌላት ማክሰኞ ብቻ ናት። ምስኪን ማክሰኞ! አይጾምባት፣ አይገበይባት፣ አይታረፍባት። እሷን የምትነግረው የመጨረሻ ልጃችን ጽናት ነበረች። አንደኛ ክፍል የገባች ሰሞን የቀኖቹን ስም ተምራ መጣችና፣ ጧት በሬ ሊጠምድ ሲል፣ «አባዬ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው» አለችው። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ጠፍቶኝ ነበር» አላት። አበቃ! ከዚያ ወዲያ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ በመጣች ቁጥር፣ ጽናት ወጥታ እስክትነግረው ድረስ ቀንበሩን ታቅፎ ደጅ ይቀመጣል። ከሰኞ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው አለ እንዴ? ያውቃል እንጂ! እኔ ከጓዳ ሆኜ «ማክሰኞ ነው፣ ተነሥ!» ብለው እንዳልሰማ ይሆናል። የኔ ማክሰኞ አትጥመውም።

አሁን የምነግራችሁ ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው የሆነውን ነው። እኛ ያለነው ከጓሳ ተራራ ግርጌ ነው፤ ያኔ ሞባይል የሚባለውን ወሬውን እንጂ እሱን አላየነውም። ጽናት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ገብታለች። የቀበሌያችን ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ትዕዛዙ የሚባል፣ ልጄን ወደዳት። እሷም ወዳዋለች፤ የጠፋ ዶሮ ፍለጋ በትምህርት ቤቱ በኩል መመላለስ ስታበዛ ነው የገባኝ። እንዲያ የሚጠፋ ዶሮ የለንም።

ትዕዛዙ የጨዋ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም። ችግሩ ዝውውር መጥቶለታል፤ ለዚያውም መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ። ከእኛ ዘንድ ተነሥቶ ዓለም ከተማ ለመድረስ፣ በዚያ መንገድ፣ አውቶቡሱም ካልተበላሸ፣ ሁለት ቀን ነው። ትምህርት ሲዘጋ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ሠርጉ ካልሆነ ደግሞ ጰራቅሊጦስ ያልፍና የሐዋርያት ጾም ይገባል፤ በጾም ሠርግ የለም። ጾሙ ሲፈታ ክረምት ነው፣ በዚያ ጭቃ ማን ይዳራል? ከዚያ ወዲያ ጥርን መጠበቅ ነው። እስከ ጥር ደግሞ ወንደላጤ አስተማሪ ከተማ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ፣ ሴት ልጅ ያላቸው እናቶች ሁሉ እንጀራ የሚልኩለት ለነፍሳቸው ነው? እኔም እናት ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

እናም የነፍስ አባታችን አባ ገብረየሱስ መጥተው፣ የልጁ አባት ዓምደ ሚካኤል ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ነገሩን። ዓምደ ሚካኤል ራቤል ሳይደረስ ያለ፣ የተከበረ ገበሬ ነው። ቀኑ ለሐሙስ ተቆረጠ፤ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ሦስት ሰው ነጠላና ጋቢ ለብሶ ቢሄድ ማንም ልብ አይልም፣ እምቢ ቢባሉም ገመናቸው አይወጣም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሐሙስ ዕርገት ነው፣ ከዕርገት በኋላ ባለው እሑድ ሠርግ። ጊዜው ቢሰላ ቢሰላ ከዚያች ሐሙስ ሌላ ሐሙስ የለም።

ወልደ ጻድቅ መሬት መሬቱን እያየ «ይምጡ» አለ። ይህንን ብቻ ነው ያለው።

ሰኞ ጧት ተነሣና በጎቹን ይዞ ጓሳ እወጣለሁ አለኝ። በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀርቶብን ሣር ስለጠፋ፣ የጓሳን ሣር የሚያስጠብቀው ኮሚቴ ለጥቂት ቀን ግጦሽ ፈቅዶ ነበር። ጎረቤታችን ወልደ አማኑኤል «የናንተንም ከኔ ጋር ልንዳቸው፣ አንተ እንግዳ አለብህ» ቢለው እምቢ አለ። «በጎቼ ሰው ይለምዳሉ እንዴ?» አለው። ያን ለት ነገሩ ሊሸተኝ ይገባ ነበር፤ አልሸተተኝም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር።

ጊዜው ሃምሳው ነው። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ሁሉም ቀን ፍስክ ነው። ለሌላው ሰው ደስታ ነው። ለኔ ባል ግን ምልክቱ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው፤ ሰኞም ቅቤ፣ ረቡዕም ቅቤ፣ ዓርብም ቅቤ። ቤት ሳለ እኛ እንነግረዋለን። ጓሳ ላይ፣ ከድንጋይ ከለላ ሥር፣ በግና ጉም ይነግሩታል? ይኸ ሰውዬ ቀን ይጠፋውና ልጄን ጉድ ያደርጋታል ብዬ ስንቁን ስቋጥር አሰብኩ አሰብኩና መላ መታሁ። ለሰኞና ለማክሰኞ በሶና ቆሎ አደረግሁለት። ለረቡዕ ብቻ፣ ቅቤና በርበሬ እስክትጠግብ የተቀባች አንድ ትልቅ ቂጣ ጋግሬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ለብቻዋ ቋጠርኳት።

«ስማኝ፣» አልኩት፣ «ይችን ቂጣ የበላህ ለት ረቡዕ ነው። በልተህ ስታበቃ በጎቹን ሰብስበህ ትወርዳለህ። ገባህ?»

«ገባኝ» አለኝ።

«የቱ ነው የገባህ?»

«ስበላት እወርዳለሁ!» ብሎ ተቆጣኝና ሄደ። ራሴን በራሴ አመሰገንኩ። ዕድሜ ልኩን ረቡዕን በደረቅ የሚያውቅ ሰው፣ እኔ በቅቤ እንዲያውቃት አደረግሁ፣ ብልህ ሴት ነሽ ጌታነሽ አልኩ። ወይ ብልሃቴ!

ረቡዕ መሸ፣ አልመጣም። ሐሙስ ነጋ፣ አልመጣም። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሽማግሎቹ ደረሱ።

ሦስት ናቸው፤ ከበራፋችን መጥተው ቆሙ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ብላቸው አይሆንም አሉ፤ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገርና መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም። ለኔ ደግሞ አይናገሩም፣ ለአባትየው ነው እንጂ። «ባለቤቱ የሉም ወይ?» አሉኝ። «አሁን ይደርሳሉ፣» አልኩ። እኔ ባሌን በሰው ፊት አንቱ ነው የምለው፣ ጓዳ ስንገባ ነው አንተ። ያን ለት ግን በሰው ፊትም ብዙ ነገር ልለው አሰኝቶኝ ነበር። «አሁን ይደርሳሉ» እያልኩ አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። አንደኛው ሽማግሌ ጉልበታቸውን ያማቸዋል መሰል፣ አንዴ በዚህ እግራቸው አንዴ በዚያ እግራቸው ይቆማሉ። ጽናት አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከመጋረጃው ኋላ ቆማለች። የትንፋሿ ድምፅ ይሰማኛል።

ስድስት ሰዓት ላይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ በትራቸውን አነሡ። «እመቤት፣ ቀን ተቆርጦለት ቤቱ ያልተገኘ ሰው መልሱን ሰጥቶናል፣» አሉኝ። «ይኸንኑ ለዓምደ ሚካኤል እንነግራለን።»

ሄዱ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ጽናት ከመጋረጃው ኋላ ወጣች፣ ቀሚሷን ቀየረች፣ እንስራ አዝላ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ወልደ ጻድቅ በጎቹን እየነዳ ከች አለ። ፊቱ ጥላሸት መስሏል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ድምፁ ግን የሠርገኛ ነው።

«እህሳ! ሽማግሎቹ ደረሱ?»

«አንቱ፣» አልኩት። ብቻችንን ሳለን አንቱ ካልኩት ነገር እንዳለ ያውቃል። «ዛሬ ቀኑ ማነው?»

«ሐሙስ ነዋ!»

«ዓርብ ነው!»

«ኧረ ሐሙስ ነው!»

«ዓርብ ነው አልኩዎ! ሽማግሎቹ ትናንት መጥተው ደጅዎ ላይ እንደ ግንድ ተገትረው ውለው ሄዱ!»

ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። አባ ገብረየሱስም ሲያልፉ ሰምተው ገቡ። ወልደ ጻድቅ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። «ሃምሳው ነው ያሳሳተኝ፣» አለ። «እኔ ምን ላድርግ? ጾም የለ፣ ምን የለ፣ ቀኑ ሁሉ አንድ ሆነብኝ እኮ።» ይኼኔ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ለካ ያልተሳሳተ የለም! አንዱ በሃምሳው ቅዳሜ መስሎት ዓርብ ዕለት በሬውን ሳይጠምድ ውሏል፣ አንዷ ገበያዋ አምልጧታል። ወልደ አማኑኤል ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባ ገብረየሱስ እንኳ ፈገግ አሉና፣ «የገበያ መንገድ በጓሳ ሥር ያልፍ የለም እንዴ? ትናንት ገበያተኛ አላየህም?» አሉት።

«ጉም ነበር፣ አባ።»

«እ፣ ጉም» አሉ።

ሰዉ ይቅር አለው። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቁጣዬ ወደ ሳቁ ሊያዘነብል ምንም አልቀረው። ብልሃተኛይቱ እኔ፣ ቂጣዬ አልሠራች ብዬ ራሴን እረግማለሁ። በዚህ መሐል ጽናት የአባቷን እግር ልታጥብ ውኃ አሙቃ መጣች። አጠበችው። ከዚያ እንደወትሮዋ ስልቻውን አንሥታ ልታራግፍ ጓዳ ገባች። ስትቆይብን ጊዜ ቀና ብዬ አየሁ። ሰፌድ ይዛ ወጣች። ሰፌዱ ላይ ያቺ ቂጣ ናት፣ ከነጨርቋ፣ ዳሯ እንኳ አልተቆረሰ።

አባቷ ፊት አስቀመጠችው።

«አባዬ፣» አለችው፣ «የረቡዕዋን አልበሏትም።»

ወልደ ጻድቅ ቂጣዋን አያት። «ረቡዕ ቀን ቅቤ... ከልጅነቴ ጀምሮ... አፌ እምቢ አለኝ» አለ።

«ትናንትስ ምን በሉ?»

ጨርቋን ሳብ አድርጎ ሸፈናት።

«ትናንትናና ዛሬ ምን በልተው ዋሉ፣ አባዬ? በሶው እንደሁ ማክሰኞ ያልቃል።»

ዝም አለ፤ ሆዱ ግን ዝም አላለም፣ ቤቱን ሞልቶ ጮኸ። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር። ያን ለት ማንም አልሳቀም። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ይኸ ቂል፣ ይኸ የኔ ሞኝ፣ ቂጣዋን ካልበላት ረቡዕ የማትመጣ መስሎት፣ ቅቤዋ እየሸተተው፣ ከጎኗ ሁለት ቀን ጦሙን አድሯል። ረቡዕ ካልመጣች ሐሙስ አትመጣ፣ ሐሙስ ካልመጣች ሽማግሌ የለ፣ ሽማግሌ ከሌለ ልጁ የትም አትሄድበት። አንጀቴ በላኝ። በጥፊም ላልሰው ፈለግሁ፣ ላቅፈውም ፈለግሁ፤ ሰው ስለነበረ ሁለቱንም ተውኩት።

ጽናት ከፊቱ አልተነሣችም። ዓይኗ ሞልቷል። «ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለችው። «አትሂጂብኝ ቢሉኝ፣ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽማ ትቀሪ ነበር፣» አላት። «ትቀሪልኝ ነበር፤ ያ ደግሞ ግፍ ነው።»

ቂጣዋን ቆረሰ። ደርቃለች፣ እንደ ድንጋይ ሆናለች። በላት፤ ሁላችንም ቆመን እያየነው፣ እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ በላት። ከዚያ ውኃ ጠጣና ተነሣ።

«ጌታነሽ፣ ጋቢዬን አምጪ። አባ፣ ይከተሉኝ።»

የሴት ልጅ አባት ተነሥቶ ወደ ወንዱ ቤት ሲሄድ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። «ኧረ ነውር ነው፣ አገር ይስቅብናል!» ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። «ይሳቅ፣» አለኝና አልፎኝ ወጣ። አባ በበቅሎ፣ እሱ በእግሩ፣ በዚያ በተራበ ጉልበቱ።

የቀረውን አባ ገብረየሱስ ናቸው የነገሩኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረሱ። ወልደ ጻድቅ ከዓምደ ሚካኤል በራፍ ላይ ቆመ። ግባ ቢሉት አልገባም አለ።

«ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁ» አለ።

«ለማን?» አለ ዓምደ ሚካኤል ከውስጥ፣ ሳይነሣ።

«ለልጄ። ትናንት ደጄ ላይ ሰዎችህን ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ፣ እሷ የለችበትም። ቀኑ ጠፍቶኝ ነው ብዬ ለሰው ተናግሬያለሁ፤ ውሸቴን ነው። ጉምም አልነበረም። ጓሳ አፋፉ ላይ ሆኜ ሦስቱም ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱም አይቻቸዋለሁ። እግሬን ውረድ ብለው እምቢ አለኝ። የመጨረሻ ልጄ ናት። እሷ ከሄደች ጧት ጧት የሚያናግረኝ ሰው የለም።»

እዚህ ላይ አባን አቋረጥኳቸው። «እኔስ? ሠላሳ አምስት ዓመት ጧት ጧት የማናግረው ግድግዳውን ኖሯል?»

«ዝም ብለሽ ስሚ፣ ጌታነሽ» አሉኝ።

ዓምደ ሚካኤል የዋዛ ሰው አይደለም። «የኔ ሰዎች እስከ ስድስት ሰዓት ቆመዋል» አለና እሱንም በራፉ ላይ አቆመው። አባ በቅሏቸውን አስረው ገብተው ተቀመጡ፣ ባሌ ቆሟል። ቆየ። ቆየ። አንዴ በዚህ እግሩ አንዴ በዚያ እግሩ ይቆም ጀመር። በመጨረሻ ዓምደ ሚካኤል ራሱ ተነሥቶ ወጣና ከጎኑ መጥቶ ቆመ። ሁለቱም ወደ ጓሳ በኩል ያያሉ።

«ሦስት ሴት ልጅ ድሬያለሁ፣» አለው ኋላ ላይ። «ለሦስተኛዋ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ታምሜያለሁ ብዬ ተከናንቤ ተኝቼ ነበር። ሦስት ቀን ተኛሁ። ሚስቴ አጥሚት ስታጠጣኝ ከረመች።»

«ታዲያ እንዴት ተነሣህ?»

«አጥሚቱ ሰለቸኝ። ግባ፣ ራት እንብላ።»

ሠርጉ ከዕርገት በኋላ ባለው እሑድ ሆነ። ወልደ ጻድቅ ከማንም በላይ ጨፈረ፣ ከማንም በፊት አለቀሰ። ሐምሌ ሲገባ ሙሽሮቹ ዓለም ከተማ ወረዱ።

ከዚያ ወዲያ የመጣችውን የመጀመሪያዋን ማክሰኞ አልረሳትም። ቀንበሩን ታቅፎ ደጅ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ወጣች፣ እሱ ቁጭ ብሏል። ብቅ ብዬ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ «ዛሬ ማክሰኞ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። «ጠፍቶኝ ነበር» ግን አላለም። ለኔ እሱን አይልም።

ፍልሰታ ተፈታ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በነጋዴ እጅ ደብዳቤ መጣልን፤ አባ አነበቡልን። ትምህርት ሳይከፈት፣ በጳጉሜን፣ ሐሙስ ቀን እንመጣለን ይላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባሌ አበደ። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ «ነገ ማክሰኞ ነው» ይለኛል። ሰኞ ወገቡን አያመውም። ያ ረቡዕን በስልቻ ቋጥሮ ያስቀረ ሰው፣ አሁን ቀኖቹን ከኋላ ሆኖ ይነዳቸዋል።

የሚመጡባት ሳምንት ደረሰች። ማክሰኞ ጧት ቅቤ ያለበት ሽሮ አቀረብኩለት። አየውና ሰፌዱን ገፋ አደረገው።

«ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጌታነሽ። ጾም ነው። ደረቁን አምጪ።»

ማክሰኞ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ ዶሮዎቹም ያውቃሉ። አንደበቴ ሊወርድበት ተዘጋጅቶ ነበር። ፊቱን አየሁት፣ ተውኩት። ቅቤውን ሽሮ መልሼ ጓዳ አስቀመጥኩና ደረቁን አመጣሁለት።

እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ደረቁን አብሬው በላሁ።